በባሕር ሥር የቀሩ የአገራችን ስሞች

(በሬዲዮ ከተነገረው የታሪክ ንግግር)



ወደ መርካቶ የሚወርድ ሰው ሁሉ «ሲኒማ ራስ» የሚባለውን ስፍራ ያውቀዋል። የታክሲው ረዳት ስሙን እየጮኸ ይጠራል፤ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ» ይላል፤ ዕቃ የተሸከመውም ሰው ወዴት እንደሚሄድ ሲጠየቅ «ሲኒማ ራስ ጋ» ብሎ ይመልሳል። ዳሩ ግን ለስሙ ምክንያት የሆነው አሮጌው አዳራሽ ከፈረሰ ዓመታት አልፈዋል። ግድግዳው ሄደ፤ ስሙ ግን በሰው አፍ ቀረ። አዳራሹን በዓይኑ ያላየው ወጣት እንኳ ስሙን ሳይጠራ አይውልም።

አዳራሹ የተሠራው በጠላት ወረራ ዘመን ነበር። በዚያን ጊዜ የኢጣሊያ ሹማምንት ነጩንና የአገሩን ተወላጅ ለይተው ለማስፈር ባወጡት ፕላን መሠረት፣ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይውል የነበረውን ገበያ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት። አዲሱም ሰፈር አዲስ ከተማ ተባለ። «መርካቶ» ብለን የምንጠራው ስም ራሱ በቋንቋቸው ገበያ ማለት ነው። ድል አድራጊ ነኝ የሚል ሁሉ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር ስም ማውጣት ነውና፣ እነርሱም በአገራችን ላይ የራሳቸውን ስም ሲለጥፉ፣ የእኛን ስም ደግሞ ወስደው በራሳቸው ንብረት ላይ ለጠፉ። ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነገር ነው፤ ይኸውም የአገራችንን ስም ተሸክመው ወደ ባሕር ስለ ወረዱ የጦር መርከቦች፣ እነርሱንም ፈልጎ ስለ ማግኘት ሥራ ነው።

የመርካቶ ፕላን በሚነደፍበት በዚያው ወራት፣ ከ1928 እስከ 1930 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በኢጣሊያ አገር በሞንፋልኮኔ፣ በላ ስፔዚያና በታራንቶ የመርከብ መሥሪያ ቦታዎች 17 ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ይሠሩ ነበር። ሁሉም በአንድ ንድፍ የተሠሩ ወንድማማቾች ናቸው። የእያንዳንዳቸው ርዝመት 60 ሜትር ያህል ነው፤ የከተማ አውቶቡሶች አምስት ሆነው በአንድ መስመር ቢሰለፉ ያን ያህል ይሆናሉ። በዚያ ጠባብ የብረት ቱቦ ውስጥ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ይኖሩበት ነበር። የዚህ ክፍል የመጀመሪያይቱ መርከብ «አድዋ» ተባለች፤ ክፍሉም በሙሉ በእርስዋ ስም ተጠራ።

የቀሩትንም ስሞች ላንብብላችሁ። አክሱም፣ አላጌ፣ አራዳም፣ መቀሌ፣ ጎንደር፣ ነገሌ፣ አሸንጌ፣ ሽሬ፣ ተምቤን፣ ደሴ፣ ደጋሃቡር፣ ዋቢ ሸበሌ፤ ከቀይ ባሕርና ከሶማሌ ጠረፍ አካባቢ ደግሞ በይሉል፣ ላፎሌ፣ ዋርሼክ፤ በመጨረሻም ዱርቦ። እነርሱ ሲጽፉአቸው በቋንቋቸው ጠባይ ስለሆነ መቀሌ «ማካሌ»፣ አሸንጌም «አሻንጊ» ሆነዋል። ቢሆንም ስሙን የሰማ ኢትዮጵያዊ አገሩን መለየት አያዳግተውም።

ይህ የስም ዝርዝር በዘፈቀደ የተለቀመ አይደለም። አንባቢያን ልብ ብላችሁ ብትመለከቱት፣ ሁለት ዓይነት ስም ተደባልቆበታል። አላጌ፣ መቀሌና አድዋ በ1888 ዓ.ም. የኢጣሊያ ጦር የተሸነፈባቸው ናቸው። አራዳም፣ ተምቤን፣ ሽሬ፣ አሸንጌና ነገሌ ደግሞ በ1928 ዓ.ም. በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ብርታት ያሸነፈባቸው ናቸው። በአራዳም የራስ ሙሉጌታ ጦር፣ በተምቤን የራስ ካሣና የራስ ሥዩም፣ በሽሬ የራስ እምሩ፣ በነገሌም በኩል የራስ ደስታ ጦር የተፈታበት ነው። በአሸንጌ ሐይቅ ዳር የሆነውን ልናገረው አያስፈልግም፤ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው ከተደረገው ውጊያ በኋላ ወደ ኋላ የሚመለሰው ሠራዊት በዚያ ሐይቅ አጠገብ ከሰማይ የወረደበትን የቦምብና የመርዝ መዓት ከአባቶቻችን ሰምተናል። እንግዲህ የአሮጌው ሽንፈት ስምና የአዲሱ ድል ስም በአንድ ረድፍ የተጻፉት አንዱ ሌላውን እንዲያጥብ ታስቦ ነበር። የፋሽስት መንግሥት ሂሳቡን ዘጋሁ ማለቱ ነው።

ሂሳቡ ግን አልተዘጋም። ጦርነቱ ሲያልቅ ከ17ቱ መርከቦች ተርፋ የተገኘችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ እርስዋም አላጌ ናት። የእርስዋም ታሪክ ቢሆን የሚያስቀና አይደለም፤ ሰኔ 1 ቀን 1934 ዓ.ም. የጠላት መስሎአት የገዛ አገርዋን ባለ ቶርፔዶ አጥፊ መርከብ መትታ አስጥማለች። ከጦርነቱም በኋላ ተሰባብራ ብረትዋ ተሸጠ።

የሌሎቹን ዕጣ ፈንታ አንድ በአንድ ብዘረዝረው ጊዜ አይበቃኝም፤ ጥቂቱን ላንሣ። ጎንደር የተባለችው ሰው የሚጋልባቸውን ቶርፔዶዎች ጭና ወደ እስክንድርያ ወደብ ስትጠጋ፣ መስከረም 20 ቀን 1933 ዓ.ም. የአውስትራሊያ አጥፊ መርከብ ደርሶባት ሰጠመች፤ መርከበኞችዋ ጥቂት ሲቀር ሁሉም ተርፈው ተማረኩ። ልክ በዓመቱ፣ መስከረም 20 ቀን 1934 ዓ.ም. አድዋ የተባለችው በምዕራብ ሜዲቴራንያን ሁለት የእንግሊዝ አጥፊ መርከቦች አስጠሙአት፤ ከእርስዋ የተረፈ ሰው የለም። በመካከሉ በነበረው አንድ ዓመት ውስጥ እዚህ በአገራችን ምን እንደ ሆነ ታስታውሳላችሁ፤ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው ገብተዋል። አድዋ ከሰጠመች ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ በእውነተኛው ጎንደር የቀረው የኢጣሊያ ጦር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ከተማው ነፃ ሲወጣ፣ ስሙን የተሸከመችው መርከብ ከባሕር ወለል ላይ ከተኛች ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖአት ነበር።

ለጠላትም ቢሆን የሚገባውን ምስክርነት መንፈግ ታሪክ አይሆንምና፣ ከእነዚህ መርከቦች መካከል ትልቅ ሥራ የሠሩ እንደ ነበሩ መናገር ያስፈልጋል። አክሱም ነሐሴ 6 ቀን 1934 ዓ.ም. ወደ ማልታ ስንቅ በሚያጅቡት መርከቦች ላይ በአንድ ጊዜ በተኰሰቻቸው ቶርፔዶዎች ሦስት መርከብ መታች፤ ሁለቱ የእንግሊዝ ክሩዘሮች ሲሆኑ ሦስተኛይቱ «ኦሃዮ» የተባለች ነዳጅ ጫኝ ነበረች። በዚያው ቀን ሌሊት ደግሞ እኅትዋ ደጋሃቡር በእንግሊዝ አጥፊ መርከብ አፍንጫ ተገጭታ ከነሰዎችዋ ጠፋች። ሽሬም ታኅሣሥ 10 ቀን 1934 ዓ.ም. ሌሊት ስድስት ጠላቂዎችን አድርሳ፣ «ኩዊን ኤልሳቤጥ»ና «ቫሊያንት» የተባሉት ሁለት ታላላቅ የእንግሊዝ የጦር መርከቦች በእስክንድርያ ወደብ ውስጥ ተጐድተው ከባሕሩ ወለል ላይ እንዲቀመጡ አድርጋለች።

አሁን ወደ ፍለጋው ልመለስ። አብዛኛው ሰው የሰጠመ መርከብ ፍለጋ ሲባል የሚታየው ጠላቂው ነው፤ በፊቱ ላይ መስተዋት፣ በጀርባው ላይ የአየር በርሜል ተሸክሞ ወደ ጨለማ የሚወርደው ሰው። ሲኒማም የሚያሳየን ይህንኑ ነው። ነገሩ ግን የሚጀምረው በደረቅ መሬት፣ በመዝገብ ቤት፣ በጠረጴዛ ላይ ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ የምትገኙ አንባቢያን ይህን ስትሰሙ ደስ ሳይላችሁ አይቀርም።

ፈላጊው አስቀድሞ የሚያገላብጠው የአጥቂውን መርከብ የዕለት መዝገብ ነው። በመዝገቡ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱና ስፍራው ተጽፎአል። ነገር ግን ያ ስፍራ እውነተኛው ስፍራ አይደለም፤ የመርከቡ አዛዥ ያለበት መስሎት የጻፈው ስፍራ ነው። በዚያ ዘመን በባሕር መካከል የሚገኝ ሰው ያለበትን የሚያውቀው ወይ ፀሐይንና ኮከብን ለክቶ ነው፣ ወይም ከተነሣበት ጀምሮ በምን ፍጥነት፣ በየት አቅጣጫ፣ ለስንት ሰዓት እንደ ሄደ አስልቶ ነው። ነፋስና ሞገድ ገፍተውት ከሆነ ስሌቱ ይሳሳታል። ስሕተቱ በየአቅጣጫው አምስት የባሕር ማይል ቢሆን፣ ይህም በጦርነት ግርግር ውስጥ ብዙ አይደለም፣ የሚፈለገው ስፍራ ከ340 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ይህ ከአዲስ አበባ ከተማ ስፋት ግማሹን ይበልጣል። በዚያ ሁሉ ስፋት ላይ፣ በጨለማ ውስጥ፣ 60 ሜትር የምትረዝም ነገር ትፈለጋለች።

ስለዚህ አንዱ መዝገብ በሌላው ይፈተናል። የአጥቂው ቃል ከተማራኪዎቹ ቃል ጋር፣ የሁለቱም ቃል ከአውሮፕላኑ ነጂ ሪፖርት ጋር ይመሳከራል። አንዳንድ ጊዜም «አስጠምሁ» ብሎ የጻፈው አዛዥ ያላስጠመ ሆኖ ይገኛል፤ ዘይት በውኃ ላይ ተንሳፍፎ አይቶ ነው እንጂ መርከቢቱ ተጐድታ አምልጣለች። ሌላው አዛዥ ደግሞ አመለጠችኝ ብሎ ሲቈጭ፣ ታች ሰጥማ ኖሮአል። ከጦርነቱ በኋላ የሁለቱም ወገን መዝገቦች ጐን ለጐን ተቀምጠው ሲመረመሩ፣ የሰጠሙት መርከቦች ስምና የአጥቂዎቻቸው ስም ብዙ ጊዜ ታርሞአል።

ወረቀት መርከብ ያገኛል ብያለሁ፤ ወረቀት መርከብ እንደሚያጠፋም በእነዚሁ መርከቦች ታይቶአል። ዋቢ ሸበሌ ሰኔ 22 ቀን 1932 ዓ.ም. በቀርጤስ ደሴት አቅራቢያ ስትያዝ፣ መርከበኞችዋ ሊያሰጥሙአት ቢሞክሩም እንግሊዞች ቀድመው ዘለው ገብተው የምስጢር መጻሕፍትዋን አወጡ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የከፋ ነገር ደረሰ። ጥቅምት 8 ቀን ዱርቦ ከጂብራልታር በስተ ምሥራቅ ከመስጠምዋ በፊት ከውስጥዋ የተወሰዱት ሰነዶች የእኅትዋን የላፎሌን ስፍራ ገለጡ፤ ላፎሌም ጥቅምት 10 ቀን ሰጠመች። አንድ ያልተቃጠለ ፋይል በሁለት ቀን ውስጥ ሁለተኛዋን መርከብ በላ ማለት ነው።

መዝገቡ ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ነው መሣሪያው የሚወርደው። ከመሣሪያዎቹ ዋነኛው ሶናር ይባላል። ሥራውን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ በገደል አፋፍ ላይ ቆሞ የተጣራ እረኛ የገደል ማሚቶን ያውቃታል። ድምፁ ሄዶ ከተቃራኒው ገደል ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል፤ ገደሉ ቅርብ ከሆነ ቶሎ፣ ሩቅ ከሆነ ዘግይቶ። ሶናርም እንዲሁ ነው። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከአየር ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ይፈጥናል። ወለሉ 1,000 ሜትር ቢርቅ ድምፁ ደርሶ ለመመለስ ከአንድ ሴኮንድ ጥቂት ይበልጣል። መርከቡ ይህን መሣሪያ ከኋላው እየጐተተ፣ ገበሬ ማሳውን በትልም በትልም እንደሚያርስ ባሕሩን ወዲያና ወዲህ ይመላለስበታል። ከወለሉ ከፍ ያለ፣ ቀጥ ያለ መስመር ያለው ነገር ሲታይ፣ ያን ጊዜ ጠላቂ፣ ወይም ጥልቀቱ ሰው የማይችለው ከሆነ ካሜራ የያዘ ሮቦት ይላካል። «ሮማ» የተባለችው ታላቅ የኢጣሊያ የጦር መርከብ የተገኘችው በዚህ ዓይነት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 1935 ዓ.ም. በሰርዲኒያ አቅራቢያ በጀርመኖች ቦምብ ተመትታ ከ1,300 በላይ ሰዎች ይዛ የሰጠመችው ይህች መርከብ፣ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ውስጥ የታየችው በሰኔ 2004 ዓ.ም. ነው። ወደ 70 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ መሆኑ ነው።

ባሕር ሰርጓጅን መለየት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። 17ቱ ወንድማማቾች ናቸውና አንዲቱን ከሌላይቱ የሚለይ ምልክት ጥቂት ነው። ስሙ በዝገትና በባሕር አረም ተሸፍኖአል። ፈላጊው የማማዋን ቅርጽ፣ የመድፍዋን ስፍራ፣ የተመታችበትን ጐን አይቶ እንደገና ወደ መዝገቡ ይመለሳል። ስምና አካል የሚገናኙት እዚያ ነው።

የሽሬ ታሪክ በዚህ ረገድ ሊነገር የሚገባው ነው። ሽሬ ነሐሴ 4 ቀን 1934 ዓ.ም. ጠላቂዎቿን ይዛ ወደ ሃይፋ ወደብ ስትቀርብ፣ እንግሊዞች የኢጣሊያን የምስጢር መልእክት አስቀድመው ፈትተው ይጠብቁአት ነበር። «አይሌይ» የተባለች ትንሽ መርከብ አስጠመቻት፤ 60 ያህል የሚሆኑት ሰዎች ሁሉ ከእርስዋ ጋር ቀሩ። የሰጠመችበት ስፍራ 33 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ብቻ ስለሆነ ጠላቂዎች ሊደርሱባት ችለዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1984 የኢጣሊያ ባሕር ኃይል ወደ ውስጥዋ ገብቶ የ42 መርከበኞችን አፅም አውጥቶ ወደ አገሩ ወሰደ። ከአካልዋም ጥቂት ክፍሎች ተቈርጠው ለመታሰቢያ ተቀምጠዋል። የቀረው ሰውነትዋ አሁንም በዚያው አለ፤ ሰው እንዳይገባበትም ክፍቱ በብረት ተዘግቶአል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልወድም። የእነዚያ መርከበኞች እናቶች ልጆቻቸው የሞቱባትን መርከብ ስም ሲጠሩ አርባና ሃምሳ ዓመት ኖረዋል። «ሽሬ» ማለት ለእነርሱ የልጅ መቃብር ነው። ለእኛ ደግሞ ሽሬ የራስ እምሩ ሠራዊት ያለቀበት ምድር ነው። ስሙን ያወጣው መንግሥት ሁለቱን ሐዘን በአንድ ቃል ውስጥ እንደሚያስቀምጥ አላሰበውም።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ባሕር የቀረበችው መቀሌ ናት። ኢጣሊያ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ስታውጅ፣ በምጽዋ ወደብ ስምንት ባሕር ሰርጓጆች ነበሩአት። መቀሌ ከእነርሱ አንዲቱ ነበረች። ከወደቡ ወጥታ ወደ ሰሜን ስትጓዝ፣ አየር ከሚያቀዘቅዘው መሣሪያ መርዛም ጋዝ አፈተለከና መርከበኞችዋን አሰከራቸው፤ አእምሮአቸውን የሳቱም ነበሩ። መንገዱ ተሳተና ሰኔ 8 ቀን በሱዳን ጠረፍ አቅራቢያ ባር ሙሳ በሚባሉት ደሴቶች ዘንድ ከድንጋይ ላይ ወጣች። ሰዎቹ ጥላ ወደሌላት ደረቅ ደሴት ተሻገሩ፤ መርከቢቱም ተንሸራትታ ወደ ጥልቁ ወረደች። ሦስት ሰዎች በትንሽ ጀልባ ርዳታ ፍለጋ ወደ ደቡብ ቀዘፉ፤ የቀሩት በዚያ በሰኔ ፀሐይ፣ ውኃ በጠብታ እየተሰፈረላቸው ጠበቁ። ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ በ1888 ዓ.ም. በመቀሌ ምሽግ ውስጥ ተከብቦ የነበረውን የኢጣሊያ ጦር እጁን ያሰጠው ምን እንደ ነበረ አይዘነጋም፤ እርሱም የውኃ ጥም ነበር። ሰኔ 15 ቀን ሌላ ባሕር ሰርጓጅ ደርሶ አወጣቸው። አንድ ወጣት መርከበኛ ግን ሞቶ በደሴቲቱ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ነበር።

ያ መቃብር 77 ዓመት ያህል በዚያ ተረስቶ ኖረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2017 ፈላጊዎች ወደ ደሴቲቱ ሄደው አፅሙን አገኙት፤ በሚቀጥለውም ዓመት በሰሜን ኢጣሊያ በተወለደበት መንደር ተቀበረ። መርከቢቱ በጥልቁ ቀረች፤ ሰውየው ግን ወደ አገሩ ተመለሰ። ለእኔ እንደሚመስለኝ ከሚፈለገው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ መርከብ ብረት ነው።

ብረትም ቢሆን አይናቅም። ከሲኒማ ራስ ጥቂት ራመድ ብላችሁ ምናለሽ ተራ ብትገቡ ነገሩን ታዩታላችሁ፤ ሌላው ሰው አበቃለት ብሎ የጣለው በርሜል ምድጃ ሲሆን፣ የተሰበረው የመኪና አካል ሌላ መሣሪያ ሲሆን። በምጽዋም አንድ ጊዜ በታላቅ መጠን የተሠራው ይኸው ሥራ ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ወደቡ በእንግሊዝ እጅ ከመውደቁ በፊት፣ አዛዡ አድሚራል ቦኔቲ ወደቡ ለማንም እንዳይጠቅም ብሎ የኢጣሊያንና የጀርመንን መርከቦች በደርዘን እየቈጠረ በመግቢያዎቹ ላይ አሰለፈና አስጠማቸው። መርከብ የሚጠገንበትንም ትልቅ ተንሳፋፊ መትከያ ሥሩን በቦምብ አስበሳው። የመረመሩት እንግሊዞች አይነሣም ብለው ተዉት።

በ1934 ዓ.ም. ኤድዋርድ ኤልስበርግ የሚባል አሜሪካዊ የባሕር ኃይል መኰንን መጣ። ይህ ሰው ከዚያ በፊት በአገሩ ከ40 ሜትር ጥልቀት ባሕር ሰርጓጅ አውጥቶ የታወቀ ነው። መሣሪያው ገና በመንገድ ላይ ስለ ነበረ ባገኘው ነገር ጀመረ፤ ሠራተኞቹም ኤርትራውያን፣ አሜሪካውያን፣ እንግሊዞችና የኢጣሊያ ምርኮኞች ነበሩ። የመትከያውን የላይ ክፍተቶች ደፈነና ከሥሩ ያለውን ቀዳዳ ሳይነካ የታመቀ አየር ነፋበት። ብርጭቆ በአፉ ተደፍቶ በውኃ ውስጥ ሲጠልቅ አየሩ ውኃውን እንደሚከለክል፣ የተነፋው አየርም ውኃውን በቀዳዳው ወደ ታች ገፍቶ አስወጣው። ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አይነሣም የተባለው ነገር ከነቀዳዳው ተንሳፈፈ። ከሰጠሙትም መርከቦች ብዙዎቹ ተራ በተራ ተነሡ። ይህ ሁሉ የተሠራው በምጽዋ በጋ ነው፤ ምጽዋን በሐምሌ ያየ ሰው ሙቀቱን ይመሰክራል። ኤልስበርግ የሥራውን ታሪክ በኋላ በመጽሐፍ አሳትሞታል።

እስከዚህ ድረስ የነገርኋችሁ የሌሎች መርከቦች ነገር ነው። የራሳችንስ? ኢትዮጵያ በ1940ዎቹ መጨረሻ ዓመታት በምጽዋ የባሕር ኃይል አቋቁማ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተረከበችው ትልቋ መርከብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሰላማዊ ውቅያኖስ ያገለገለች፣ 95 ሜትር ያህል የምትረዝም ነበረች። በእኛ እጅ ስትገባ «ኢትዮጵያ» ተባለች። ስንት ወጣት ዕጩ መኰንን በእርስዋ ላይ ባሕርን ተማረ! በየካቲት 1982 ዓ.ም. ስለ ምጽዋ በተደረገው ውጊያ ከባሕር ኃይሉ መርከቦች የሰጠሙ ነበሩ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ የቀሩት የቻሉት ባሕሩን ተሻግረው ወደ ጎረቤት አገሮች ሄዱ። ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን ምጽዋም የእርስዋ ወደብ ሆነች። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ኃይሉ እንደገና እንዲቋቋም ተደርጎአል።

የኢጣሊያ መዝገብ ቤት በአድዋ፣ በጎንደርና በሽሬ ውስጥ የሞቱትን ሰዎች ስም አንድ ሳይቀር ይዞአል። በዚያ በ1982 በሰጠሙት የእኛ መርከቦች ላይ የነበሩት ሰዎች ከጥቂት የትግል ጓደኞቻቸውና ከቤተሰቦቻቸው በቀር የሚያነሣቸው የለም። በየመሥሪያ ቤታችሁ መዝገብ ቤት፣ በጡረታም ፋይሎች መካከል፣ የእነዚያን ሰዎች ስም የያዘ አሮጌ ወረቀት የሚያልፍባችሁ ትኖራላችሁ። ለዕቃ ማስወገጃ ኮሚቴ ከመላኩ በፊት አንድ ጊዜ ግለጡት።

«ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ አልሰጠመችም። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ የመን ደርሳ ቆመች፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1993 ለቍርጥራጭ ብረት ተሸጠች።